ቦቴዋን የምትነዳው ሴትዮ

እናቴ አክሽን ፊልም ትወዳለች። ድራማ ስከፍትላት "ሲያለቅሱ ውለው ሲያለቅሱ ሊያድሩ ነው" ብላ ትነሳለች። እንግሊዝኛ ስለማትሰማ የምታየው ትርጉም ፊልም ነው። ታውቁታላችሁ፤ አንድ ወንድ ማይክ ይዞ የሽፍታውንም፣ የፖሊሱንም፣ የሕፃኑንም፣ የሴቷንም ንግግር ብቻውን ይናገራል። በመሃል ቀልድ ጣል ያደርጋል። እኔም ያደግኩት በዚሁ ነው፤ ልንቀው አልችልም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንድሜ "ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ"ን ተተርጉሞ በፍላሽ አመጣው። በፈረንጆቹ 2015 የወጣ፣ አውስትራሊያዊው ጆርጅ ሚለር የሠራው ፊልም ነው። ስሙ የወንድ ነው እንጂ ቦቴውን የምትነዳው ሴት ናት፤ ፊውሪዮሳ። ቻርሊዝ ቴሮን ናት የምትጫወታት፤ ራሷን ተላጭታ፣ አንድ እጇ ብረት ሆኖ። ውኃውን ይዞ ሕዝቡን በጥም የሚገዛ ሽማግሌ አለ። አምስት ሴቶችን ልጅ እንዲወልዱለት ቆልፎባቸዋል። ፊውሪዮሳ በቦቴዋ ደብቃ ይዛቸው ትጠፋለች። ከዚያ በኋላ ያለው ማሳደድ ነው። ሴቶቹ ጥለውት በሄዱት ክፍል ግድግዳ ላይ "እኛ ዕቃ አይደለንም" የሚል ጽሑፍ ይታያል።

ፊውሪዮሳ ብዙ አትናገርም። ተርጓሚያችን ደግሞ ዝምታ አይወድም። ዝም ባለች ቁጥር ራሱ ይናገርላታል። ስለ ፀጉሯ ይቀልዳል፣ ልጆቹ በረሃ ላይ ውኃ ሲያገኙ ስለ ገላቸው ይቀልዳል፣ እሷን ደግሞ "ማክስዬ" እያሰኘ ያሽኮረምማታል። ወንድሜ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም። እማዬ ግን ግራ ገብቷት "ባሏ ነው እንዴ?" አለች።

ፊልሙን ያለ ትርጉም ያየሁት ከዓመት በኋላ ነው። ባሏ አይደለም። ፍቅረኛዋም አይደለም። አንድም ጊዜ አይሳሳሙም።

አንድ ቦታ አለ። ጨለማ ነው፤ ጠላት ትልቅ መብራት አብርቶ ይመጣል። ማክስ ተኩሶ ሳተ። ጥይት አልቆ አንዲት ብቻ ስትቀር ፊውሪዮሳ ከኋላው መጣች። ማክስ ምንም ሳይል ጠመንጃውን አቀበላት፤ እሷም ትከሻውን ተደግፋ አነጣጠረች። "አትተንፍስ" አለችው። ተኮሰች፤ መታች። ጉራ የለ፣ ምስጋና የለ፣ ይህች ሴት ጎበዝ ናት የሚል ማብራሪያ የለ።

ወንድሜ ያመጣውን ከፍቼ ያንን ቦታ ፈለግሁት። ተርጓሚው ማክስን "ነይ እንዴት እንደሚተኮስ ላሳይሽ" አስብሎታል። ሥዕሉ ያው ነው፤ የተኮሰችውም እሷው ናት። እኛ ቤት ግን ጀግናው እሱ ሆኖ አደረ።

ሰዎች በፊልም ውስጥ ሴት ስንት ደቂቃ ታየች ብለው ሲቆጥሩ ይህ ትዝ ይለኛል። ደቂቃዋን ሳትነካ አፏን መውሰድ ይቻላል። ይህን ፊልም የቆረጠችው ራሷ ሴት ናት፤ የዳይሬክተሩ ሚስት ማርጋሬት ሲክስል። ከዚያ በፊት አክሽን ፊልም ቆርጣ አታውቅም። 480 ሰዓት ያህል የተቀረጸ ነገር ተሰጥቷት ወደ ሁለት ሰዓት አወረደችው፤ ፊልሙ ካገኛቸው ስድስት ኦስካሮች አንዱ የእሷ ነው። የትኛው ዝምታ ይቆይ፣ የትኛው ይውጣ ብላ የወሰነች እሷ ናት። የእኛው ሰውዬ ደግሞ በአንድ ማይክ ሞላው።

ፊልሙም ቢሆን ጉድለት አያጣም። በረሃው ናሚቢያ ነው። የእኛው አፍሪካ! ከአምስቱ ሴቶች አንዷ ዞኢ ክራቪትዝ ናት፤ ከእሷ ሌላ ጎላ ያለ ጥቁር ፊት ፈልጌ አጣሁ። አሸዋችንን ወስደው ሰዎቹን ረስተዋል።

ባለፈው እሁድ ለእማዬ ራሴ ልተረጉምላት ወሰንኩ። አጠገቧ ተቀምጬ የተባለውን ብቻ እነግራታለሁ፤ ዝም ሲሉ ዝም እላለሁ። መጀመሪያ "ምን አለች?" እያለች ወተወተችኝ። "ምንም አላለችም እማዬ።" በኋላ መጠየቋን ተወች።

ፊውሪዮሳ የተወለደችበት ቦታ ሰዎች ሲመጡ እማዬ ከሶፋው ቀና አለች። ሞተር ሳይክል የሚነዱ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሸምግለዋል። "አሮጊቶች እኮ ናቸው!" አለች። እስከ ዛሬ ባየቻቸው ፊልሞች እሷን የምታክል ሴት ልጇ እንዲበቀልላት በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ የምትገደል እናት ናት።

ከአሮጊቶቹ አንዷ ቦርሳዋን ከፍታ ለአንዷ ልጅ ዘር ታሳያታለች። ዛፍ፣ አበባ፣ ፍራፍሬ፣ ከቤቷ ያተረፈችው። እማዬ ስለ አያቴ አነሳች፤ የበቆሎ ዘር ከምድጃ በላይ ጢስ ላይ ሰቅላ፣ የጎመኑን በቅል ከድና፣ በክፉ ቀን እንኳ ልጆቿ እንዳይነኩት እንደምትቆጣ። ስታወራ ሁለት ሦስት መኪና ተቃጠለ፤ አላየችውም።

መጨረሻው አካባቢ ያቺ አሮጊት ቆስላ ሞተች። እማዬ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ።

"ዘሩስ? ማን ያዘው?"

"ልጅቷ ይዛዋለች።"

"የታለ? አሳዪኝ።"

ወደ ኋላ መለስኩት።