ጌሾ ነው ተብሎ

«አንተ ደግሞ የሐሺሽ ነጋዴ ጠበቃ ሆንክ አሉ!» አለኝ የአክስቴ ባል፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት። ሳቅኩና ዝም አልኩ። ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 20 ብዬ ብጀምር ቡናው ይቀዘቅዛል።

ልጁ የደምበጫ ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመት አልሞላውም። ቡሬ ሊሄድ አውቶብስ ሲሳፈር አንድ የማያውቀው ሰው ጆንያ አስያዘው። «ጌሾ ነው፤ ስትደርስ እህቴ ትቀበልሃለች፤ አደራ!» አረቄዋ ስሟን ባስጠራላት ከተማ የጌሾ ጆንያ ፈትቶ የሚያይ ማን አለ? ፍኖተ ሰላም ሳይደርሱ ፍተሻ ሆነ። ጆንያው ሲፈታ ካናቢስ ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ለዚህ ያስቀመጠው ከአምስት ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራት ነው፤ መቀጮው ሌላ።

የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች «ጆንያው እግሩ ሥር ነበር» አሉ። እውነት ነው፣ አልተከራከርኩም። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ፖሊሱ «የማን ነው?» ሲል ልጁ ፈጥኖ «የኔ ነው» ብሏል። ለምን እንዲህ አልክ ብለው በመገረም አየኝ።

«ጋሼ፣ አደራ እኮ ነው! የኔ አይደለም ብል ይወስዱብኝ የለም እንዴ?»

አደራ በላ ላለመባል ያላት ቃል የእምነት ቃል ሆና መዝገብ ላይ ሰፈረች።

ያው ሕግ በአንቀጽ 23 ወንጀል ተሠራ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ አንድ ላይ ሲገኙ ነው ይላል። ግዙፉስ ይኸው ጆንያው፤ ማወቁን በምን እንያዘው? «አላወቅኩም»ን የሚያውቀውም ይላታል። ከደንበኞቼ የትኛው እንደዋሸኝ ሁልጊዜ አልለይም፣ አልደብቅም። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይሄኛው ነው፤ አመንኩታ!

ያወጣን የአውቶብሱ ረዳት ነው። «ጌሾ ነው፣ አደራ» ሲባል ሰምቷል፤ የጭነቱንም ሒሳብ የተቀበለው ከሰጪው እጅ ነበር። ሦስት ቀጠሮ ቀርቶ በአራተኛው መጣ። ልጁ በነፃ ተሰናበተ፣ ሰባት ወር ታስሮ።

በሳምንቱ እናቱ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው ቢሮዬ መጡ። መርቀው መርቀው ሲያበቁ፣ «ፍኖተ ሰላም ትመላለስ የለ ልጄ? ይቺን ለእህቴ አድርስልኝ፤ አረቄ ናት» አሉኝ።

የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ። «እናቴ፣ እስቲ ይክፈቱልኝ።»

ትንሽ አዩኝና ፈቱት። አረቄ ነበር። አደረስኩላቸው፤ የዚያን ቀን ግን ቀና ብዬ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።