የማይታየውን አስቀድሞ ማደስ



ሰው አሮጌ ቤት ገዝቶ ማደስ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ግድግዳው ቀለም ነው፤ ምሰሶውን ምስጥ በልቶት እንደ ሆነ የሚመረምር ጥቂት ነው። እኛም አንዲት አሮጌ መኪና ገዝተን ለዱር መንገድና ለድንኳን ጉዞ ስናበጃት በዚሁ ስሕተት ወደቅን። ስሕተቱ ሊያስከፍለን የነበረው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ላይ ባላወራነው ነበር። ነገር ግን ከኋላችን ልጆቻችን ተቀምጠው ነበርና፣ የሆነውን ሁሉ ሳንሸሽግ ልንጽፈው ወደድን።

የምንኖረውና የምናስተምረው በከፋ ዞን፣ በጨና ወረዳ፣ በዋጫ ከተማ ነው። አገራችን ዝናብ የማይለያት፣ ቡናና እንሰት፣ ኮረሪማና ጥምዝ የሚበቅልባት ለምለም ምድር ናት። የከፋ ጫካም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገብቷል። ይሁን እንጂ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠሩ ለሚዘልቅ ሰው ቀዩ አፈር በዝናብ ጊዜ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ቁልቁለቱና ዳገቱም ለተራ አውቶሞቢል አይመችም። በክፍል ውስጥ ‹‹ቡና የተገኘው ከዚህ አገር ነው›› እያልን የሰውን ልጅ ስናስተምር፣ የራሳችን ልጆች ግን ከዋጫና ከቦንጋ በቀር ይህን ነው የሚባል ስፍራ አላዩም ነበር። ስለዚህ በአራቱም ጎማ የምትነዳ መኪና አግኝተን፣ ድንኳን ጭነን፣ ጫካውንና ቆላውን ልናሳያቸው ዘወትር እንመኝ ነበር።

ምኞት ከመምህር ደመወዝ ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ስለ ጣለ፣ ቀድሞ ርካሽ የነበረው ሁሉ ተወደደ። ስለ ሆነም ዐይናችንን በአገር ውስጥ ወደ ቀሩት ሽማግሌ መኪናዎች መለስን። በ2015 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በአንድ የቡና መጋዘን ግቢ ውስጥ ሣር የበቀለባት፣ ዶሮ የሚያድርባት አንዲት ላንድሮቨር አገኘን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. የተሠራች ስለ ሆነች በዕድሜ ታላቅ እኅታችን ትሆናለች።

የዚህችን መኪና ዘር ታሪክ ጥቂት ብንናገር ለነገራችን ይጠቅማል። ላንድሮቨር በመጀመሪያ ለሕዝብ የታየችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በአምስተርዳም ከተማ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበረ፣ ሠሪዎቿ አካሏን ያለበሷት በአሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። የሚሸከማት ሻንሲ ግን ብረት ነው፤ ያውም ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ ጭቃና ውኃ ገብቶበት ከውስጥ ይበላል። እንግዲህ ልብሷ ደኅና ሆኖ አጥንቷ የነቀዘ ላንድሮቨር ማግኘት የተለመደ ነገር ነው። ይህን ከመግዛታችን በፊት እናውቅ ነበር። ማወቅ ብቻውን ግን አላዳነንም።

የገዛንበት ገንዘብ የወጥ ቤታችንን ክዳን ለመለወጥ ከባለቤታችን ጋር ሦስት ዓመት ያጠራቀምነው ነበር። ሳንነግራት ከፈልን፤ መኪናይቱ በሌላ መኪና እየተጎተተች ግቢያችን ስትገባ ያየችው እንደ ጎረቤት ሁሉ በአጥር በር ነው። አልጮኸችም። ‹‹ክረምቱ ሲገባ ምጣዱን ከዚህችኛዪቱ ሥር እጥድ ይሆናል›› ብላ ወደ ቤት ገባች።

ከዚያ በኋላ ዐሥር ወር ሠራን። በቦንጋ የሚኖር፣ በመኪና ሥር የሸመገለ አንድ መካኒክ በየሳምንቱ መጨረሻ እየመጣ ይረዳን ነበር። ሞተሩን አወረድን፤ ራዲያተሩን አጠብን፤ የተሰበሩትን ባሌስትራዎች ለወጥን፤ የሻንሲውን የተበላ ክፍል ቈርጠን በወፍራም ላሜራ አስበየድን። በአራተኛው ወር መካኒኩ ጎማዎቹን አውልቆ የፍሬኑን ታምቡሮች ከመረመረ በኋላ እንዲህ አለን፦

‹‹መምህር፣ ይህች መኪና መሄድ አልረሳችም፤ መቆም ግን ረስታለች። የፍሬኑ ጎማዎች ደርቀው እንደ ቀንድ ሆነዋል፤ ሸራውም አልቋል። ከካንቢዮው በስተኋላ ያለው የእጅ ፍሬንም ዘይት ፈስሶበት አይዝም። አስቀድመን ይህን እንፍታው።››

እኛም ‹‹ጋሼ፣ እሱ ይደርሳል። የምንሄደው በጭቃ መንገድ ነው፤ በጭቃ ላይ ማን ይሮጣል?›› ብለን መለስንለት።

በእጃችን የቀረውን ገንዘብ በምን ላይ እንዳዋልነው እንዘርዝረው። ጥርሳቸው ጥልቅ የሆነ አምስት ጎማዎች ገዛን። ከጭቃ ራሷን የምትስብበት ዊንች ከፊት አስገጠምን። በጣሪያዋ ላይ ረጅም ፖርቶ መጋላ አሠርተን አራት መብራቶች ደረደርንበት። በመጨረሻም አረንጓዴ ቀለም ቀባናት። የዋጫ ልጆች ከበው ሲያደንቁ፣ መንገደኛ ቆሞ ሲጠይቅ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ አለን። የፍሬኑን ታምቡር ግን ማንም ቆሞ አያደንቀውም።

በ2016 ዓ.ም. ጥምቀትን አክብረን፣ በመንፈቅ ዓመት የትምህርት ዕረፍት ተነሣን። በፖርቶ መጋላው ላይ ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን፣ ትርፍ ጎማ፣ ድንኳንና ምንጣፍ ጫንን። ባለቤታችን በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ቆጮና የቡና ዕቃ አሰናድታ ከፊት ተቀመጠች፤ የ14 ዓመት ወንድ ልጃችንና የ11 ዓመት ሴት ልጃችን ከኋላ ሆኑ። በሺሺንዳና በውሽውሽ የሻይ ተክል በኩል ቦንጋ ደረስን፤ ከዚያም ወደ ዴቻ ወረዳ፣ ወደ ጪሪ ታጠፍን።

የመጀመሪያይቱን ሌሊት ልንረሳት አንችልም። በጫካው ዳር ድንኳን ተከልን። ጉሬዛዎች ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘሉ ነጩ ጅራታቸው በአመሻሹ ብርሃን ይታይ ነበር። ከረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ የተሰቀሉትን የንብ ቀፎዎች ያየች ሴት ልጃችን፣ ‹‹ሰውዬው በሌሊት እንዴት አድርጎ ይወጣል?›› እያለች ስትጠይቅ አመሸች። ባለቤታችን በጫካ ቡና ዛፎች መካከል ቡና አፈላች፤ ከመጋቢት ጀምሮም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መኪናይቱ ደግ ቃል ተናገረች። ‹‹ለዚህስ መልካም ናት›› አለች። እኛም ክዳኑን ረሳን።

በማግስቱ ወደ ቆላው ስንወርድ አንዲት ወንዝ አቋረጥን። ውኃው እስከ ጎማው እኩሌታ ነበረ። ከመግባታችን በፊት ቀዩን ዘንግ ወደ ኋላ ስበን መኪናይቱን በዝግተኛውና በብርቱው ማርሽ ላይ አደረግናት፤ በዚህ ጊዜ አራቱም ጎማዎች ይስባሉ። ተሻግረን ከወጣን በኋላ ዘንጉን መመለስ ይገባን ነበር፤ ሆኖም ልጃችን ነጠላዋ በመስኮት እንደ ወደቀ ስትጮኽ ወንድሟ ወርዶ አነሣላት፤ በዚህ ግርግር ዘንጉን ረሳነው። ዛሬ ይህን የምንጽፈው በዚያች ነጠላ ምክንያት ነው።

ጥቂት እንደ ሄድን መንገዱ ወደ ታች ተዘረገፈ። በስተግራ ገደል፣ በስተቀኝ የተቈረጠ ተራራ ነው። ፍሬን ብንረግጥ መርገጫው ድንጋይ ሆነ፤ መኪናይቱ ግን አልሰማችም። ውኃ የገባበት ታምቡር እስኪደርቅ ድረስ ሸራው እንደማይዝ ያን ጊዜ ትዝ አለን። ደጋግመን በኃይል ስንረግጥ አንዱ የደረቀ ጎማ ፈነዳና መርገጫው እስከ ወለሉ ሰመጠ። የእጅ ፍሬኑን ሳብነው፤ በዘይት የራሰ ነበርና እንደ ልብስ መስቀያ ባዶውን ወደ ላይ መጣ። በዚያ ቁልቁለት ላይ መኪናይቱን የያዛት ያ የተረሳው ዘንግ ብቻ ነው። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቷን ጥቂት ገታው። ነገር ግን በጣሪያዋ ላይ የከመርነው ጭነት በየጥምዝምዙ ወደ ገደሉ ያዘነብላት ጀመር። ሁለተኛው ጥምዝምዝ ሳይደርስ መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዘን ከተራራው አፈር ጋር አጋጨናት። ፖርቶ መጋላው ከነመብራቱ ተገንጥሎ በኮፋኖው ላይ ወደቀ። የልጃችን ግንባር ከፊተኛው ወንበር ብረት ጋር ተጋጨ።

ደም አየን። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ስላደረግነው የምናስታውሰው የለም፤ ከገደሉ አፋፍ እስከ መኪናይቱ ያለውን ርቀት ሦስት ጊዜ በእርምጃ እንደ ለካን ባለቤታችን ነግራናለች። ስድስት እርምጃ ነው።

ድምፁን የሰሙ ገበሬዎች ከማሳቸው ሮጠው መጡ። ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረጉ፤ ልጁን ወደ ጤና ኬላ አድርሰው አሰፉልን፤ ሦስት ስፌት ሆነ። ስማችንን እንኳ ሳይጠይቁ ቤታቸው አስገብተው ቆጮና ማር አቀረቡልን። ሌሊቱን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለቤታችን እንዲህ አለችን፦

‹‹ስለ ክዳኑ አልጠይቅህም። ዐሥር ወር ሙሉ ስትሠራ አይቼሃለሁ፤ እንድንሄድባት የሠራኸውን ሁሉ አሳየኸን። እንድንመለስባት የሠራኸው የቱ ነው?››

መልስ አልነበረንም። እስከ ዛሬም የለንም።

በማግስቱ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥተን ለመካኒኩ ስልክ ደወልን፤ ዕቃውን ይዞ በሁለተኛው ቀን ደረሰ። ይወቅሰናል ብለን ነበር። እሱ ግን ከመኪናይቱ ሥር ከተጋደመ በኋላ፣ ‹‹እሺ መምህር፣ ዛሬስ እንፍታው?›› ብቻ አለን። ከወቀሳ ይልቅ ይህ አሳፈረን።

ከሁሉ የሚያሳፍረው እኛ ይህን ሳንማር የቀረን ሰዎች አለመሆናችን ነው። በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የኔታ ከቁጥር ንባብ ወደ ግዕዝ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ውርድና ወደ ቁም ንባብ በተራ አሻግረውናል፤ አንዱን ዘልለን ዜማ እንጀምር ብንል እሺ አይሉም ነበር። በዘመናዊው ትምህርት ቤትም የምናስተምረው ፊዚክስ ነው፤ የመኪና ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ሥራ አራት እጥፍ እንደሚሆን ስንት ጊዜ በሰሌዳ ላይ ጽፈናል! ከፍ ብሎ የተጫነ ሸክም ሚዛን እንደሚያሳጣም እንዲሁ። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ያስተማሩንን ትተን የመንገደኛውን አድናቆት ተከተልን።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ አሮጌ መኪና ማደስ የብዙ ቤተሰብ ሐሳብ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ እኛ ዘግይተን የያዝነውን ተራ እንንገራችሁ። አስቀድሞ የሚያቆማት ይታደስ፤ የፍሬኑ ጎማና ሸራ፣ የዘይቱ ቧንቧ፣ የእጅ ፍሬኑ። ቀጥሎ መሪዋ፣ ከዚያም ሻንሲዋና ባሌስትራዎቿ፤ ሻንሲውን በመዶሻ እየመቱ ድምፁን መስማት ጥሩ ነው፤ የተበላው ስፍራ ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ በኋላ ሞተሩና ራዲያተሩ፣ ቀጥሎም ጎማው። መብራትና ዊንች ገንዘብ ከተረፈ ነው። ከባዱን ዕቃ ሁሉ ከወለሉ ላይ በገመድ እሰሩት፤ በጣሪያ ላይ ከድንኳንና ከምንጣፍ በቀር አይውጣ። ወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላ ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ እየረገጣችሁ ጥቂት ሂዱ፤ ሙቀቱ ታምቡሩን ያደርቀዋል። ቁልቁለት ሳትጀምሩም በሜዳው ላይ ቁሙና ሞክሩት።

እኛ ዊንቹንና የተረፉትን ሁለት መብራቶች ሸጥን። በገንዘቡ የአራቱንም ጎማ ፍሬን በሙሉ ለወጥን፤ የቀረው ለክዳኑ መነሻ ሆነ። ወጥ ቤቱ በ2017 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይገባ ተከደነ። መኪናይቱም በስተቀኝ በኩል እንደ ተጨራመተች አለች፤ ቀለም አልቀባናትም። በበጋ ወራት ድንኳናችንን ይዘን ዛሬም እንወጣለን።

ከመነሣታችን በፊት በዋዜማው ልጃችን ከመኪናይቱ ሥር ይገባል። በየጎማው ውስጠኛ ጎን እጁን ዳብሶ ዘይት የፈሰሰ እንደ ሆነ ይመረምራል፤ ከዚያም ወጥቶ፣ ‹‹እማማ፣ ደረቅ ነው›› እያለ መዳፉን ለእናቱ ያሳያታል። እርስዋም መዳፉን አይታ፣ በግንባሩ ላይ ያለውንም ጠባሳ አይታ፣ ስንቁን ማሰናዳት የምትጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።