ጡንቻ በምስር
ገርጂ ጂም የሚሠራው ልጅ ሁሉ ወሬው የፕሮቲን ዱቄት ሆኗል። እኔ ዋጋውን ስሰማ ዓይኔ ወደ ምስር ይሄዳል። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ አንድ እንቁላል 6 አካባቢ። ጡንቻ ለሚገነባ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ይበቃል ይላሉ ባለሙያዎቹ። 70 ኪሎ ለሚመዝን 112 ግራም መሆኑ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንቁላሉ ሲቀር ክክና የሽምብራ ቆሎ አሉልን።

ቦርጩን ግን በሽሮ አታሳብቡ! ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት እዩት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻውን 120 ካሎሪ ነው። ትናንት ምሳ ላይ "ዘይት ቀነስ አድርጉልኝ" ስላት አስተናጋጇ ደንግጣ "ምነው፣ አሞሃል እንዴ?" አለችኝ። "ኧረ ደህና ነኝ፤ እንጀራው አንድ ይብቃኝ፣ ምስሩን ግን ደብል አድርጊው።"