ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ፦ ስንቅን በጀርባ አዝሎ

ጉዞ ለሙስሊም እንግዳ ነገር አይደለም። ቁርኣን በምድር ላይ ተጉዘን የቀደሙትን ሕዝቦች ፍጻሜና የፍጥረትን አጀማመር እንድናስተውል ደጋግሞ ይመክረናል። የታንጀሩ ተወላጅ ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1325 ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ ለሐጅ ከቤቱ ወጥቶ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል በጉዞ አሳልፏል። በዘይላና በመቅዲሾ አልፎ፣ ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምትባለው አገር እስከ ሱማትራ ደሴት ደርሷል። በዘመናችን ደግሞ የአውሮፓ ወጣቶች ቦርሳቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ በርካሽ ማደሪያ እያደሩና ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ እየተሸጋገሩ እነዚያኑ የሩቅ ምሥራቅ አገሮች ያዳርሳሉ። የእኛ ወጣት ግን ጉዞ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው አውሮፕላንና ዐረብ አገር ነው። የገዛ አገሩንማ የሚያያት ከአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነው።

ይህንኑ በማሰብ በ2015 ዓ.ም. የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሦስት መምህራን ሆነን፣ አንዳንድ ጋቢ፣ በሶና ተምር በቦርሳችን ይዘን ወደ አዊ ምድር ወጣን። ዓላማችን ብዙ ቦታ ማዳረስ ሳይሆን አንዲትን አጭር መንገድ ቀስ ብሎ ማየት ነበር።

በሰባት ቤት አገው ምድር

የአዊ ዞን ዋና ከተማ እንጅባራ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የዓባይን በረሃ ወርደንና ወጥተን፣ ደንበጫንና ቡሬን አልፈን ሐሙስ ጥር 25 ቀን አመሻሽ ላይ ገባን። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች የጥር ሌሊት ብርዷ አጥንት ይሰብራል። ለሱብሒ ሶላት ዉዱእ ያደረግንበትን ውኃ ቅዝቃዜ እስካሁን አልረሳነውም።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ መጣንበት አቅጣጫ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ተመልሰን ዘንገና ሐይቅ ደረስን። ዘንገና ከአውራ ጎዳናው ጥቂት እርምጃ ብቻ ቢርቅም፣ ሾፌሩ ካልነገረው በቀር ተሳፋሪው ሳያውቀው ያልፈዋል። በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ፣ ክብ ሊባል የሚችል ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ያህል ይሆናል። አንድ ሃምሳ ፎቅ ሕንፃ ቢገባበት ጫፉ አይታይም ማለት ነው። ዙሪያውን ደን ከቦታል፤ ከጦጣዎቹ ጩኸት በቀር ድምፅ አይሰማም። «ሱብሓነላህ!» ብለን ለረጅም ጊዜ ዝም አልን።

ቀኑ ጁሙዓ ስለነበር ወደ ከተማው ተመልሰን ከመስጊዱ ምእመናን ጋር ሰገድን። ከሶላት በኋላ አንድ አዛውንት ሸኽ ምሳ ካልበላችሁ ብለው ይዘውን ሄዱ። ኑሯቸው በንግድ ነው፤ ከደንበኞቻቸው ጋር በአዊኛ ሲነጋገሩ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይመስላል። «እዚህ ቁጥራችን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ጎረቤታችንን ሁሉ በስሙ እናውቃለን፤ በሐዘኑም በደስታውም አንቀርም» አሉን። በትልቅ ከተማ በብዛት እየኖርን የግድግዳ ተጋሪያችንን ስም ለማናውቅ ለእኛ ይህ ንግግር ከአንድ ኹጥባ የሚተናነስ አልነበረም።

አዊዎች አገራቸውን ሰባት ቤት አገው ይሉታል። ቋንቋቸው አዊኛ ከኩሽ ቤተሰብ ሲሆን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ይሰጥበታል። መምህራን ነንና ተማሪዎችን ስናገኝ ቁጥር እንዲያስተምሩን ጠየቅናቸው። ከአንድ እስከ አሥር ስንቆጥር አነጋገራችን አስቋቸው፣ እየሳቁ አረሙን። ፈረስ በዚህ አገር ክብሩ ትልቅ ነው፤ ይጋልቡታል፣ ይጭኑታል፣ እንደ በሬም ያርሱበታል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበራቸው በዓድዋ ዘመቻ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። እኛ የደረስነው በዓሉ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ነበርና ያጌጡ ፈረሶች ወደየመንደራቸው ሲመለሱ ብቻ አየን።

«ድንች የማንም ነው»

ቅዳሜ ማለዳ ወደ አዲስ ቅዳም በእግር ተጓዝን። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው ደን ዲከረንስ የሚባል፣ ዘሩ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬ አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ባለው ማሳ ላይ ችግኙን ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ እህል ይዘራል። ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያወጣና ያረፈውን መሬት እንደገና ያርሰዋል። በዚህ ዘዴ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን አስተምሯል፣ ቤቱን በቆርቆሮ ከድኗል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቷል። ቅጠላቸው የረገፈና የደረቁ ማሳዎችን አልፈናል። በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ የተመሠረተ ኑሮ እንዴት እንደሚናጋ በመጽሐፍ ከምናስተምረው ይልቅ እዚያ በደንብ ገባን።

እኩለ ቀን ላይ በአንድ መንደር ውኃ ስንጠይቅ አንዲት እናት ወደ ቤት ግቡ አሉን። ሙስሊሞች መሆናችንን ስንነግራቸው ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «እንግዲያ ሥጋ አላቀርብላችሁም፤ ድንች ግን የማንም ነው» ብለው የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣና ከእርጎ ጋር አቀረቡልን። ለዙህር ሶላት ቦታ ስንጠይቃቸው ግቢውን ጠረጉልን። ጋቢያችንን አንጥፈን ስንሰግድ ልጆቻቸውን «ዝም በሉ፣ እንግዶቹ ጸሎት ላይ ናቸው» ይሉ ነበር። የምግቡን ዋጋ ለመክፈል ብንሞክር ተቆጡን፤ «እግዜር የላከውን እንግዳ ዋጋ ይጠይቁታል እንዴ፣ ልጆቼ?» አሉ። እኛም «አላህ ያክብርልን፣ እማማ» ብለን ተሰናበትን።

ከአዲስ ቅዳም የቅዳሜ ገበያ በኋላ በሚኒባስ ዳንግላ ገባን። ይህች ከተማ ለመንገደኛ ታሪክ አላት። ቺዝማን የተባለው እንግሊዛዊ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዚህች ከተማ ቆንስላ ሆኖ ሲሠራ፣ በበቅሎ እየተጓዘ የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ አጥንቶ መጽሐፍ ጽፏል። የውጭ አገር ሰው ወንዛችንን በበቅሎ ካጠናው፣ የወንዙ ባለቤቶች በእግራችን ብናየው ምን ያስደንቃል?

ለሚጓዙ

ለወጣቶች ጥቂት ምክር እንጨምር። መታወቂያ፣ ጋቢና ሳሙና አይርሱ። ሥጋ ባይገኝ ሽሮ፣ ድንችና ቆሎ አይጠፋም። ቂብላ በዚህ አገር ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ የምትወጣዋ ፀሐይ በቀኝ ትሆናለች። ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ባለ አራት ረከዓ ሶላቶችን ወደ ሁለት እንዲያሳጥር ተፈቅዶለታል። ከሁሉ በፊት ግን ስለ መንገዱ ደኅንነት አጥብቀው ይጠይቁ። ከእኛ ጉዞ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ ይህ ጎዳና በየጊዜው ተዘግቷል፤ ብዙ ቤተሰብም ተጎድቷል። ወላጆች ሰላሙ ሳይረጋገጥ ልጆቻቸውን እንዲልኩ አንመክርም።

ሰው በስም የሚያውቀውን ሰው መጥላት ይከብደዋል። የማናውቀውን ጎረቤት ግን ማንም ስለ እርሱ የነገረንን እናምናለን። ስለዚህ መንገድ ሲዘጋ የሚቀረው የእህልና የከሰል ጭነት ብቻ አይደለም፤ መተዋወቅም አብሮ ይቀራል። አላህ ለአገራችን ሰላም ያውርድ፤ መንገዶቻችንን ይክፈትልን፤ ድንቻቸውን ያካፈሉንን እናት ከነልጆቻቸው ይጠብቅልን። አሚን።