ጌቱ የሚጠይቀው ጅረት

በኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ደጋግመን ከምንሰማቸው አባባሎች አንዱ «የሞስፌት ጌት ጅረት አይወስድም» የሚለው ነው። አባባሉ መሠረት አለው። ጌቱን ከሲሊከኑ የሚለየው ስስ የኦክሳይድ ንጣፍ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ በጌቱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ረግቶ እስከቆመ ድረስም ወደ ውስጥ የሚገባው ጅረት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የሙዚቃ ምልክት ግን ረግቶ አይቆምም። ቮልቴጁ በተለወጠ ቁጥር ጌቱ እንደ ማንኛውም ካፓሲተር መሞላትና መራገፍ አለበት፤ ለሁለቱም ጅረት የሚያቀርብ ሌላ ክፍል ያስፈልጋል። የማስተርስ ጥናቴ የሚያተኩረው በዚህ አቅራቢ ክፍል ላይ ነው፤ ይኸውም ቫኪዩም ቲዩብና ሞስፌት ተጣምረው በሚሠሩበት የድምፅ አምፕሊፋየር ውስጥ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

የጥምር አምፕሊፋየር ሐሳብ ቀላል ነው። ቲዩብ ቮልቴጅን በብዙ እጥፍ ያሳድጋል፤ ጅረት ግን በሚሊ አምፔር ቆጥሮ ነው የሚሰጠው። የ8 ኦም ስፒከር ደግሞ የሚፈልገው አምፔሮችን ነው። በቲዩብ ብቻ በሚሠሩ አምፕሊፋየሮች ይህን ክፍተት የሚሞላው ከባዱና ውዱ የውጤት ትራንስፎርመር ነው። በጥምሩ ዓይነት ትራንስፎርመሩ ይቀርና ቦታውን የኃይል ሞስፌቶች ይይዙታል። እኔን ወደዚህ ርዕስ የሳበኝም ይኸው ነው፤ ለድምፅ የሚሆን ጥሩ ትራንስፎርመር ገዝቶ ማግኘትም ሆነ ማስጠቅለል አስቸጋሪ ሲሆን፣ ሞስፌት ግን ከተበላሸ ኢንቨርተር ሳይቀር ተነቅሎ ይገኛል።

ቁጥሮቹን እንመልከት። 12 ኤኤክስ 7 የተባለው በሰፊው የታወቀ ቲዩብ የአኖድ ውስጣዊ ተቃውሞው 62.5 ኪሎ ኦም ገደማ ነው፤ አኖዱ ላይ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ሲጫን የክፍሉ የውጤት ኢምፒዳንስ ወደ 38 ኪሎ ኦም ይሆናል። በሌላው ወገን አይአርኤፍፒ 240 የተባለው ሞስፌት በመረጃ ወረቀቱ ላይ የግብዓት ካፓሲታንሱ 1300 ፒኮ ፋራድ ተብሎ ተመዝግቧል። ሁለቱን በቀጥታ አገናኝተን ብናሰላ፣ ምልክቱ በ3 ዴሲቤል የሚቀንስበት ማቋረጫ ድግግሞሽ 3.2 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል። ይህ ስሌት ግን ከልክ በላይ ጨካኝ ነው። ሞስፌቱ በሶርስ ተከታይነት ሲሠራ ሶርሱ ከጌቱ ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ካፓሲታንስ አብዛኛው አይሰማም። ተከታዩ የምልክቱን ዘጠኝ አሥረኛ የሚያሳልፍ ከሆነ ከዚህ ካፓሲታንስ አንድ አሥረኛው ብቻ ይቀራል። በጌትና በድሬን መካከል ያለው 130 ፒኮ ፋራድ ግን ምንም ሳይቀነስ ሙሉ በሙሉ ይከፈላል። ጥንዱን አይአርኤፍፒ 9240ን ጨምረን ስናሰላ በድምሩ ወደ 440 ፒኮ ፋራድ እናገኛለን፤ ማቋረጫውም ከ9 ኪሎ ኸርዝ ጥቂት ከፍ ብሎ ያርፋል። ለተጨማሪ ኃይል ሁለት ጥንድ የተጠቀመ ሰው የዚህንም ግማሽ ያጣል።

ይህ የጎደለ ድግግሞሽ በአድማጭ ዘንድ ሌላ ስም አለው። ቲዩቦቹን ያዋሱኝ አንድ አዛውንት የሬዲዮ ጠጋኝ የመጀመሪያውን ሠርቶ ማሳያ ሲሰሙ «የቲዩብ ለዛ ማለት ይኼ ነው፤ ጆሮ አይወጋም» አሉኝ። የቤተ ሙከራ ጓደኞቼም «ሙቀት» ይሉታል። ለማጣራት ያህል ቲዩቡን ከመንገዱ አውጥቼ፣ የምልክት ምንጩን በ38 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል በቀጥታ ወደ ጌቶቹ አስገባሁና ድምፁን ዝቅ አድርጌ አሰማኋቸው። «አሁንም ለዛው አለ» አሉ። ቲዩቡ አለመኖሩን ነግሬ ሬዚስተሩን ሳሳያቸው ጠጋ ብለው ጥቂት አዩትና «እንግዲህ ልጄ፣ ለእኔ የምትሠሪውን እንዲሁ ተይልኝ» አሉኝ። ምርጫቸውን አከብራለሁ፤ ሰው የሚወደው ድምፅ በእኔ ኦሲሎስኮፕ አይሻርም። በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ግን ያንን ድምፅ የቲዩቡ ባሕርይ ብሎ መመዝገብ አይቻልም። ቲዩቡ ከራሱ የሚጨምራቸው ሃርሞኒኮች አሉ፤ እነሱን ለይቶ ለመለካት አስቀድሞ የጌቱን ድርሻ ማውጣት ግድ ነው።

መፍትሔው ከማጉያው ቲዩብ ቀጥሎ የካቶድ ተከታይ ማስገባት ነው የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። እስከ ግማሽ መንገድ ትክክል ነው። ኢሲሲ 88 ውስጣዊ ተቃውሞው 2.64 ኪሎ ኦም፣ የማጉላት መጠኑ 33 ስለሆነ፣ በካቶድ ተከታይነት የውጤት ኢምፒዳንሱ ወደ 80 ኦም ይወርዳል። ማቋረጫው ወደ ሜጋ ኸርዝ ይሸሻል፤ ጉዳዩም የተዘጋ ይመስላል። ዳሩ ግን ይህ ቁጥር የሚገልጸው የክፍሉን የትንሽ ምልክት ጠባይ ብቻ ነው። በ8 ኦም ላይ 100 ዋት ለማድረስ ጌቱ እስከ 40 ቮልት ጫፍ መወዛወዝ አለበት፤ በ20 ኪሎ ኸርዝ ይህ ማለት በማይክሮ ሰከንድ 5 ቮልት መለወጥ ማለት ነው። 440 ፒኮ ፋራድን በዚህ ፍጥነት ለመሙላት 2.2 ሚሊ አምፔር ያስፈልጋል። (ሙዚቃ በ20 ኪሎ ኸርዝ ሙሉ ኃይል አይጠይቅም የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው፤ እኔም ቁጥሩን የምወስደው እንደ ወሰን ብቻ ነው።) በ1 ሚሊ አምፔር ገደማ የሚሠራ 12 ኤኤክስ 7 ይህን ሊሰጥ አይችልም፤ ግብረ መልስ ብንጨምርበትም ቲዩቡ የሌለውን ጅረት አይፈጥርለትም።

የካቶድ ተከታዩም የራሱ ገደብ አለው፤ ገደቡ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ከሁሉ ይበልጥ ትኩረቴን ስቦታል። ቮልቴጁ ወደ ላይ ሲወጣ ቲዩቡ ጅረቱን ጨምሮ ይገፋል። ወደ ታች ሲወርድ ግን ቲዩብ መሳብ አያውቅም፤ ጌቱን የሚያራግፈው ከካቶዱ ሥር ያለው ሬዚስተር ነው፤ እርሱ ከሚያሳልፈው በላይም ማራገፍ አይቻልም። የካቶዱን ጅረት ሆን ብዬ ወደ 1 ሚሊ አምፔር ሳወርደው፣ በአራት ማዕዘን ሞገድ ላይ የሚወጣው ጠርዝ ቀጥ እንዳለ ሲቆይ የሚወርደው ተንጋደደ። በትንሽ ምልክት ሲለካ ግን ያው ክፍል በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ነው። በሬዚስተሩ ፋንታ ቋሚ የጅረት ምንጭ ማስገባት ጣሪያውን ያረጋጋዋል፤ አያስወግደውም።

የካፓሲታንሱ ቁጥር ራሱም ቋሚ አይደለም። በመረጃ ወረቀቱ ላይ ያለው የተለካው በድሬንና በሶርስ መካከል 25 ቮልት እያለ ነው። ምልክቱ ወደ ኃይል ምንጩ ጫፍ ሲጠጋ ይህ ቮልቴጅ ያንሳል፤ የጌትና የድሬን ካፓሲታንስም በብዙ እጥፍ ያድጋል። ጌቱ ጅረት አብዝቶ የሚጠይቀው እንግዲህ ሙዚቃው በጮኸበት ቅጽበት ነው።

ኢምፒዳንሱን ወደ ዜሮ ማቅረብም ያለ ዋጋ አይገኝም። ሶርስ ተከታይ የካፓሲተር ጠባይ ያለው ጭነት ሲገጥመው፣ ከጌቱ ወገን ሲታይ አሉታዊ ተቃውሞ ሊያሳይና በሜጋ ኸርዝ ክልል በራሱ ሊወዛወዝ ይችላል። ስለዚህ በብዙ ድካም ዝቅ ካደረግነው ኢምፒዳንስ ላይ ከ100 እስከ 470 ኦም የሚሆን ሬዚስተር መልሰን እንጨምራለን፤ እሱም ከጌቱ እግር ሥር በተቻለ መጠን ተጠግቶ መበየድ አለበት። ከእግሩ በራቀ ቁጥር የሽቦው ኢንዳክታንስ ጥቅሙን ይበላዋል።

በመመረቂያ ጽሑፌ ሠንጠረዥ ላይ ለመንጃው ክፍል የተለመደው አንድ ዓምድ፣ «የውጤት ኢምፒዳንስ»፣ ብቻ ነበር። አሁን ሦስት ሆነዋል፦ ኢምፒዳንሱ፣ ወደ ላይ የሚገፋው ከፍተኛ ጅረትና ወደ ታች የሚስበው ከፍተኛ ጅረት። አማካሪዬ ሠንጠረዡ ከገጹ ወርድ አለፈ ብለውኛል፤ ገጹን አጋድሜ አትሜዋለሁ።