ጉልበት ወይስ ዕድሜ?

መቼስ የኛ ሰው ፒክአፕ ሲመርጥ መጀመሪያ ከለሩን ነው የሚያየው፤ ከዚያ «ስንት ፈረስ አለው?» ይላል። እኔ እንደዚያ ለመምረጥ አቅም አልነበረኝም። ብሩ የታላቅ ወንድሜ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ነፍሱን አስይዞ ያጠራቀመው። «ሌሞ ገብቶ እህል የሚያወጣ ግዛ» ብሎኛል። ብሩ ከባከነ ሁለተኛ አይገኝም።

ምርጫው ሁለት ላይ ቆመ። አንዱ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው ባለ 2.8 ሊትር ሃይሉክስ ነው፤ 204 የፈረስ ጉልበት አለው። ሌላው ያገለገለ ላንድክሩዘር ፒክአፕ፣ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፤ ጉልበቱ 130 ገደማ ነው፣ ቱርቦም የለውም። ሆሳዕና 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ያለከልካል። በጉልበት ሃይሉክስ በለጠ። በመጎተት ግን ያው ናቸው፤ ፍሬን ያለው ተሳቢ ከሆነ በብዙ አገር ለሁለቱም እስከ 3,500 ኪሎ ይፈቀዳል።

ዕድሜ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ሃይሉክሱ ናፍጣውን የሚረጨው በኮምፒውተር ታዝዞ፣ በከባድ ግፊት ነው። ውሃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ ኖዝሉን ይበላዋል። በበርሜል ናፍጣ ለሚቀዳ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም! የላንድክሩዘሩ ፓምፕ ግን ሜካኒካል ነው፤ ያለ ኮምፒውተር ይሠራል፣ ያለ ኮምፒውተር ይጠገናል።

ላንድክሩዘሩን ገዛሁ። ዳገት ላይ ሚኒባስ ሳይቀር ይቀድመኛል፤ ይቅደም። እናንተም ወዳጆቼ፣ ፈረሱን ከመቁጠራችሁ በፊት «ሲታመም ማን ያክመዋል?» በሉ።