የተያዘ መስመር

በአዲስ አበባ፣ ጉለሌ ውስጥ በአንድ የጭቃ ቤት የሚኖር አንድ የአማርኛ መምህር የስልኩን ዝምታ እንደ ሰላም ይቆጥረው ነበር። 1999 ዓ.ም. ይህን እምነቱን አፈረሰበት። በዚያ ዓመት አንድ ምሽት ሴት ልጁ ለትምህርቷ የሚሆን ጽሑፍ ፍለጋ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣ ሦስት ሰዓት ያህል ቆየች። ሞደሙ የስልኩን መስመር ለብቻው ይዞት ነበርና፣ ከደብረ ማርቆስ የሚደውሉት ዘመዶቹ የሰሙት የተያዘ መስመር ድምፅ ብቻ ሆነ። የታላቅ እህቱ ባል ማረፉን መምህሩ የተረዳው በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነው። ዓባይን ተሻግሮ ሲደርስ ቀብሩ ተፈጽሞ፣ ሰው ድንኳን ገብቶ አገኘ። እህቱ አልወቀሰችውም። «ደውለን ነበር» ብቻ አለችው።

እርሱም ልጁን አልወቀሰም፤ ጥፋቱ የእርሷ አልነበረምና። ነገር ግን ሕግ አወጣ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሞደም አይነካም። አባት ያወጣውን ሕግ ቤተሰብ ጀርባውን እየጠበቀ መጣሱ የታወቀ ነው፤ ይህኛውን ግን አራት ዓመት ሙሉ የደፈረው አልተገኘም።

በ2003 ዓ.ም. ብሮድባንድ ሲገባ መምህሩን ያስደነቀው አዲስ ሽቦ አለመዘርጋቱ ነው። ያው አሮጌው ጥንድ የመዳብ ሽቦ በቂ ሆኖ ተገኘ። የሰው ድምፅ በስልክ ለመተላለፍ ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ያለችው ጠባብ ስፍራ ትበቃዋለች፤ ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. የተባለው ዘዴ ደግሞ ከዚያ በላይ፣ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ ድረስ ጦሙን ያደረውን ሰፊ ክፍል ያርሰዋል። ሁለቱ በአንድ ሽቦ ላይ ሳይነካኩ ይሄዳሉ።

«ታዲያ ያን ጊዜም ስፍራው ነበር ማለት ነው?» ሲል መስመሩን ሊያስገባ የመጣውን ወጣት ጠየቀው።

ወጣቱ ጥያቄው ከየት እንደ መነጨ አላወቀም። «ነበር ጋሼ፤ እርስዎ ጋ መሣሪያው ነው ያልነበረው» አለና መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ።

ሦስት ቀን ሳይሞላ ስልኩ በጠራ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይቋረጥ ጀመር፤ በስልኩም ውስጥ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ሹክታ ተሰማ። ነገሩ ሲመረመር የመኝታ ቤቱ ስልክ ያለ ማጣሪያ ተሰክቶ መቅረቱ ታወቀ። ያች ጣት የምታህል ማጣሪያ በየስልኩ ፊት ገብታ ከፍተኛውን ሞገድ አግዳ ዝቅተኛውን ብቻ ታሳልፋለች። ስትሰካ ሹክታው ጠፋ።

ቀጥሎ የመጣው የማካፈል ነገር ነው። ኮምፒዩተሮቹ ሦስት ናቸው፤ የመምህሩ፣ የልጆቹ፣ እንዲሁም ቀን እየሠራ ማታ የሚማረው፣ በሰርቪስ ቤት የሚኖረው የወንድሙ ልጅ። ከውጭ ለቤቱ የተሰጠው አድራሻ ግን አንድ ብቻ ነው። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ለለመደ ሰው ይህ አያስቸግርም፤ አንድ ቁጥር ለአንድ መሥሪያ ቤት ይበቃል፣ ደብዳቤውን አምጥቶ ለየባለቤቱ የሚያድል ተላላኪ እስካለ ድረስ። ተላላኪው ራውተሩ ነው። ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር 192.168 ብሎ የሚጀምር የውስጥ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማን ምን እንደ ጠየቀ መዝግቦ ይይዝና መልሱ ሲመጣ ለጠያቂው ያደርሳል። ለሰርቪሱ በግቢው ውስጥ ገመድ ተዘረጋ። ገመዱ እስከ 100 ሜትር ይሠራል፤ ግቢው ግን ሃያ እርምጃ ነው።

ምሽት ምሽት መስመሩ ሲንቀራፈፍ ወንድ ልጁ ጣቱን ወደ ሰርቪሱ ቀሰረ። «አባዬ፣ እሱ እኮ ነው የሚጨርሰው!» አለ። የወንድሙም ልጅ ነገሩ ጆሮው ሲደርስ ምንም ሳይናገር ገመዱን ነቅሎ ጠቀለለው። መምህሩ ይህን ሲያይ አንድ ሳምንት ሙሉ ማን መቼ ምን እንደሚሠራ በደብተር መዘገበ። ውጤቱ አሳፈረው።

ቤቱን ያንቀራፈፈው እርሱ ራሱ ነበር። ከእህቱና ከጎረቤቶቿ የቀረጸውን የሙሾ ግጥም ባሕር ዳር ለሚገኝ ባልደረባው ይልክ ነበር። መስመሩ በሴኮንድ 512 ኪሎቢት ይቀበላል፤ የሚልከው ግን 128 ብቻ ነው። የአንድ ሰዓት ሙሾ በኤምፒ3 በዚያው በ128 ሲጫን ለመላክ ሌላ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የመላኪያው ጠባብ በር ሲዘጋ ደግሞ ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች «ደርሶኛል» የሚሉበት መውጫ ስለሚያጡ መቀበሉም አብሮ ይታነቃል። ዘዴውን የነደፉት ሰዎች ቤት ማለት የሚቀበል እንጂ የሚሰጥ አይደለም ብለው ሳይገምቱ አልቀሩም፤ ለብዙው ቤት ልክ ነበሩ፤ አልቃሾችን ለሚቀርጽ ሰው ግን አልበጁም።

መምህሩ ገመዱን በገዛ እጁ መልሶ ሰካ፤ ሙሾውንም ከእኩለ ሌሊት በኋላ መላክ ያዘ።

በዚያው ክረምት አንድ ማታ፣ ልጆቹም የወንድሙም ልጅ በየኮምፒዩተራቸው እንዳሉ፣ ስልኩ ጠራ። እህቱ ነበረች።

«ምነው ዛሬ፣» አለች፣ «ልጆቹ የሉም እንዴ? አንድ ጊዜ ብሞክር ገባልኝ።»